ወንዝ የማይሻገር ፈቃድ

ባለፈው ማክሰኞ ለወጥ ቤቴ መስኮት መጋረጃ ልገዛ እዚህ አሜሪካ፣ ዊተን ከተማ ወደሚገኝ አንድ ጨርቅ ቤት ገብቼ ነበር። ባለሱቁ ከመደርደሪያው ላይ ነጭ የጥጥ ጣቃ አውርዶ ጠረጴዛው ላይ ሲዘረጋው፣ ያ ገና ውሃ ያልነካው የአዲስ አቡጀዲ ሽታ አፍንጫዬን መታኝ። "ስንት ያርድ ልቁረጥልሽ?" ይለኛል፤ እኔ ዝም። ደግሞ ጠየቀኝ፤ አሁንም ዝም። ሰውየው የታመምኩ መስሎት ወንበር ሊያመጣልኝ ሄደ። ሰባ ዓመት ያለፈኝ ሴት ነኝ። ዕድሜዬን አብዛኛውን የጨረስኩት በቀብር ሥራ ነው፤ ሬሳ አጥቤ፣ ገንዤ፣ ሳጥን ዘግቼ፣ ቤተሰብ አጽናንቼ ነው እንጀራዬን የበላሁት። አቡጀዲ ለእኔ አዲስ ነገር አይደለም። ያን ቀን ግን ሽታው በእጄ ወዳለፉት ሙታን ሁሉ አልወሰደኝም። ወደ አንዲት ሴት ብቻ ነው የወሰደኝ፤ እኚያን ሴት ደግሞ የገነዝኳቸው እኔ አይደለሁም። መጋረጃውን ሳልገዛ ወጣሁ።

እትዬ በላይነሽ ይባሉ ነበር። እዚሁ አሜሪካ፣ ከትልቁ ወንዝ ማዶ ባለችው አሌክሳንድሪያ ውስጥ፣ ከዱክ ስትሪት ገባ ብሎ፣ ባለ ቀይ ጡብ አፓርትመንት ሁለተኛ ፎቅ ላይ ከትንሿ ልጃቸው ከሂሩት ጋር ይኖሩ ነበር። ቀን ቀን አንድ ትልቅ ሆቴል ምድር ቤት ውስጥ አንሶላ ይተኩሳሉ። በዚያ ዘመን በሱዳንም ሆነ በጣልያን በኩል የምንመጣ ሴቶች ከልብሳችን ሌላ ይዘነው የምንመጣው ነገር ቢኖር የእሳቸውን ስልክ ቁጥር ነው። ሳሎናቸው ውስጥ አንድ አረንጓዴ ሶፋ ነበረች። አዲስ የመጣች ሴት እሷ ላይ ትተኛለች፣ ሥራ ስታገኝ ለሚቀጥለዋ ትለቃለች፤ የቤቱ ሕግ ይኸው ነበር። እኔ አራት ወር ተኝቼባታለሁ። ያን ጊዜ የፋሽኑ ነገር ሆኖ ሁላችንም ትከሻው ስፖንጅ የተሞላ ኮት ነበር የምንለብሰው፤ ከአሮጌ ልብስ ቤት በሁለት ዶላር የምንገዛው፣ እጅጌው ሁልጊዜ የሚረዝምብን። ካሴት ከአንዱ መኪና ወደ ሌላው እየተዋስን፣ ክሩ እስኪላላና ዘፋኙ እንደታመመ ሰው ድምፁን እየጎተተ እስኪዘፍን ድረስ እንሰማ ነበር። መንገድ ጥግ ላይ ካለው የሕዝብ ስልክ ሃያ አምስት ሳንቲም ጨምረን እንደዋወላለን። ዶሮ እንደ ልብ ነው፤ በርበሬ ግን በሰው ሻንጣ ካልመጣ የለም። ወጣቶች ነበርን። ሥራ ስለማግኘት፣ ወረቀት ስለማግኘት፣ ባል ስለማግኘት እናወራለን እንጂ የሚሞት ሰው ያለን አይመስለንም ነበር።

መጀመሪያ የሞተችብን አስቴር ናት፤ ከእኔ በፊት ሶፋዋ ላይ ተኝታ የነበረችው። ራሴን አመመኝ ብላ ሆስፒታል ገባች፤ በሳምንቷ አረፈች። ምን እንደሚደረግ የሚያውቅ በመካከላችን አልነበረም። ስልክ ማውጫ ገልጠን መጀመሪያ ላገኘነው ፊውነራል ሆም፣ ቀብር አስፈጻሚ ድርጅት፣ ደወልን፤ መጥተው ወሰዷት። በሦስተኛው ቀን "ማየት ትችላላችሁ" ተብለን ስንገባ፣ ሳጥኑ ውስጥ የተኛችው ሴት አስቴር አልመሰለችንም። ከንፈሯ ደም መስሎ ተቀብቷል፣ ጉንጯ ሮዝ ሆኗል፣ ፀጉሯ በማታውቀው አቅጣጫ ተበጥሯል። በሕይወቷ ቀለም ነክቷት የማያውቅ ልጅ! እትዬ በላይነሽ ምንም ሳይሉ መሀረባቸውን አወጡና ከንፈሯን ያብሱ ጀመር። ጥቁር ሱፍ የለበሰ ሰው ፈጠን ብሎ መጥቶ ክንዳቸውን ያዘ።

"ማዳም፣ መንካት አይቻልም" አላቸው።

እንግሊዝኛቸው ትንሽ ነበር፤ ይቺ ግን ገባቻቸው። ወደ እኔ ዞሩ።

"ፀሐይ፣ ማነው ይሄ ሰውዬ? ምኗ ሆኖ ነው?"

"ምኗም አይደለም። ፈቃድ ያለው እሱ ስለሆነ ነው።"

"እንግዲያው ከኛ አንዷ ያንን ፈቃድ ታውጣዋ" አሉ፤ መሀረባቸውን አጥፈው ቦርሳቸው ውስጥ እየከተቱ። "አንቺ ነሽ የተማርሽው። አንቺ አውጪ።"

እንዲህ ነው የጀመርኩት። ሰዎች ሲጠይቁኝ "እንዴት ወደዚህ ሥራ ገባሽ?" ይላሉ፤ ታዝዤ ነው እላቸዋለሁ፤ ይስቃሉ።

ሥራ ያገኘሁት ከወንዙ ወዲህ ማዶ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው፤ ከተማዋ ያን ጊዜ እንዲህ እንደዛሬው መስታወት በመስታወት አልነበረችም። ጆርጂያ አቬኑ ላይ ጫማ የሚሰፋ አንድ ግሪክ ሽማግሌ፣ የወርቅ መያዣ ቤት፣ ጠዋት ጠዋት ሽታው ሁለት መንገድ አቋርጦ የሚመጣ ዳቦ ቤት ነበሩ። ዛሬ በዳቦ ቤቱ ቦታ ባለ አሥራ ምናምን ፎቅ አፓርትመንት ቆሞበታል፤ ምድር ቤቱ ውሻ የሚታጠብበት ሱቅ ነው። አሠሪዬ የሆኑት የሚስተር ሃሪስ ፊውነራል ሆም ከዚያ ዝቅ ብሎ ነበር። ሰባ ዓመት የተጠጉ፣ ረጅም፣ ድምፃቸው ከደረታቸው ሥር የሚወጣ ጥቁር አሜሪካዊ። ስልክ እንዳነሳና መኪና እንዳጥብ ቀጠሩኝ። ትምህርት ቤት እንድገባም የገፋፉኝ እሳቸው ናቸው። መጀመሪያ ቀን ያሉኝን አልረሳውም። "በዚህ ሥራ ከባዱ ሬሳው አይደለም" አሉኝ። "ከባዱ ቦርዱ ነው።"

ቦርዱ ማለት ስቴቱ፣ ማለትም ክፍለ ግዛቱ፣ የሚሾማቸው ሰዎች ናቸው፤ አብዛኞቹ ራሳቸው የቀብር ባለሙያዎች፣ ጥቂቶቹ ደግሞ ተራ ሰዎች። ማን ሬሳ ያዘጋጃል፣ ማን ቀብር ያስተናግዳል፣ የማጠቢያው ክፍል ወለል ከምን ይሠራል፣ ይህን ሁሉ የሚወስኑት እነሱ ናቸው። ኢንስፔክተር ይልካሉ፣ የተበደለ ቤተሰብ ሲከስ ይመረምራሉ፣ ፈቃድ ይሰጣሉ፣ ይነጥቃሉ። ባይኖሩ ኖሮ ምን ሊደረግ እንደሚችል አውቃለሁ፤ በዚህ ሥራ ውስጥ ሰው የሚያየውን አይቻለሁ፤ ስለዚህ ቦርድ አያስፈልግም የምል ሰው አይደለሁም። ግን ወረቀታቸው! ኮሌጁን ጨርሼ፣ ፈተናውን አልፌ፣ በሚስተር ሃሪስ ሥር ተለማምጄ ማመልከቻዬን ሳስገባ "የሁለተኛ ደረጃ ማስረጃሽ ከትምህርት ቤቱ በቀጥታ፣ በታሸገ ፖስታ ይላክልን" አሉኝ። ትምህርት ቤቴ ያን ጊዜ ወታደር ሰፍሮበታል፤ ወረቀቱ የት እንደገባ የሚያውቅ የለም። ይህንኑ ጻፍኩ። "እንግዲያው መዝገቡን አሁን የያዘው ክፍል ይላክልን" የሚል መልስ መጣ። ወታደሮቹ አይልኩም ብዬ ጻፍኩ። ያው ደብዳቤ ቀኑ ብቻ ተቀይሮ ተመልሶ መጣ። ሁለት ዓመት እንዲህ አለፈ። በመጨረሻ ካናዳ የተሰደደ የድሮ አስተማሪዬ ተገኝቶ፣ ዳኛ ፊት ምሎ፣ "አስተምሬአታለሁ፣ ጨርሳለች" ብሎ ፈረመልኝና ተቀበሉኝ።

ፈቃዱ በእጄ የገባ ቀን ክፈፍ ውስጥ አድርጌ በቀጥታ አሌክሳንድሪያ ወሰድኩት። እትዬ በላይነሽ ከሥራ ገብተው እግራቸውን ለብ ያለ ውሃ ውስጥ ዘፍዝፈው ነበር። በሁለት እጃቸው ተቀብለው፣ ማንበብ ባይችሉም ከላይ እስከ ታች ዓይናቸውን አዙረው ሳሙት። "እሰይ! አሁን ማን ይከለክለናል?" አሉ። ፈቃዱ የሚሠራው ከወንዙ ወዲህ ማዶ፣ በእኔ በኩል ብቻ እንደሆነ ያን ቀን አልነገርኳቸውም። ደስታቸውን ማበላሸት አልፈለግሁም። ደግሞ እውነቱን ለመናገር የሚቸግር ነገር አልመሰለኝም ነበር።

ከሲልቨር ስፕሪንግ አሌክሳንድሪያ መንገዱ ካልተዘጋጋ በመኪና ግማሽ ሰዓት ነው። እኛ አበሾች ወንዙን ቆጥረነው አናውቅም። ክርስትናው ወዲህ ነው፣ ሰርጉ ወዲያ ነው፤ ወዲህ ማዶ፣ ጀርመንታውን ከተማ የሚኖረው ሰው እሁድ አሌክሳንድሪያ ያስቀድሳል። ለሕጉ ግን ድልድዩን ስታልፊ ሌላ ስቴት ነው፣ ሌላ ቦርድ ነው። ወዲህ ማዶ ባለሙያ ነኝ፤ ወዲያ ማዶ ለቅሶ የመጣች ሴት ነኝ። ለዓመታት አላስጨነቀኝም። ሚስተር ሃሪስ ጡረታ ሲወጡ ፊውነራል ሆሙን እኔ ያዝኩት፤ ሥራው ሞልቶ ተርፏል፤ ወዲያ ማዶ የሚሞተውን ወዲያ ያሉት ይቀብሩታል አልኩ። የእትዬ በላይነሽ ተራ እንደሚመጣ ሳላውቅ ቀርቼ አይደለም። ሰው የሚወደውን ሰው ሞት ከማመልከቻ ጋር አያይዞ አያስብም።

ሕመማቸው የጡት ካንሰር ነበር። ቀዶ ሕክምና ተደርጎላቸው ሁለት ዓመት ደህና ከረሙና ተመለሰባቸው። ሂሩት ያን ጊዜ አድጋ ባንክ ትሠራ ነበር፤ ስድስት ዓመት ሳይሞላት የመጣች ስለሆነች አማርኛዋ ከእንግሊዝኛዋ ጋር እየተጋፋ ነው የሚወጣው፤ ትልቅ ሰው ግን እናቷ እንዳስተማሯት "እርስዎ" ነው የምትለው። አንድ ቅዳሜ ጠዋት ልጠይቃቸው ሄጄ እሷን መድኃኒት ግዢ ብለው ላኳትና እጄን ያዙኝ።

"ፀሐይ፣ ስሞት አገሩ ሁሉ መጥቶ ገላዬን እንዲያየው አልፈልግም።"

"ኧረ እትዬ፣ ምን ማለትዎ ነው፣ ገና—"

"ተይኝ፣ ልጨርስ። ይሄን ጠባሳ ከሂሩትና ካንቺ በስተቀር ማንም አይይብኝ። የቤተ ክርስቲያን ማኅበሬ ሴቶች ይምጡና ያልቅሱልኝ፤ እማጠብበት ግን አይግቡ። አንቺ በእጅሽ አጥበሽ ትገንዢኛለሽ። ለዚሁ ብዬ አይደል ፈቃድ ያስወጣሁሽ?"

"ቃሌ ነው" አልኳቸው። ቃሌን የሰጠሁት ግን ፈቃዴ በማይሠራበት ማዶ ነው። ቀብራቸውን ከዓመታት በፊት በሰፈራቸው ካለ አንድ ፊውነራል ሆም ጋር ተዋውለው ጨርሰዋል፤ ቤተ ክርስቲያናቸውም መቃብራቸውም እዚያው ነው።

ሰኞ ዕለት ለወዲያኛው ቦርድ ማመልከቻ አስገባሁ። የሌላ ስቴት ፈቃድ ላለው ሰው አጠር ያለ መንገድ አለ ይላሉ፤ መኖሩስ አለ። የፈቃዴን ማረጋገጫ፣ የፈተና ውጤቴን፣ የኮሌጅ ማስረጃዬን፣ አሻራዬን ላክሁ። ከስድስት ሳምንት በኋላ "ፋይልሽ አልተሟላም" የሚል ደብዳቤ መጣ። ደወልኩ። ሙዚቃ አሰሙኝ። እያንዳንዱ ሰው ስልክ ላይ ሲጠብቅ የሚሰማው ያቺው ሙዚቃ፤ እስካሁን ሱቅ ውስጥ ስሰማት ጥርሴ ይፋጫል። በመጨረሻ አንዲት ትሑት ሴት አነሳች።

"ምንድን ነው የጎደለው?" አልኳት።

"የሁለተኛ ደረጃ ማስረጃ፣ ማዳም። ከትምህርት ቤቱ በታሸገ ፖስታ።"

"እኔ በዚህ ሥራ ፀጉሬ ሸብቷል እኮ። ኮሌጅ የገባሁት ያለ ሁለተኛ ደረጃ ነው ብላችሁ ነው?"

"ገብቶኛል፣ ማዳም። ግን ዝርዝሩ ላይ አለ።"

"ዳኛ ፊት የተፈረመ ምስክርነት አለኝ። ሌላው ስቴት ተቀብሎታል።"

"ላኪው። ቦርዱ በሚቀጥለው ስብሰባ ያየዋል።"

"መቼ ነው ስብሰባው?"

"የዚህ ወር ስብሰባ ትናንት አለፈ። የሚቀጥለው ከሦስት ወር በኋላ ነው።"

ልጅቷ አልበደለችኝም። ማንም አልበደለኝም። የሚያናድደኝም ይኸው ነው፤ ልጮህበት የምችለው ሰው አልነበረም።

ከስብሰባው አምስት ሳምንት በፊት፣ አርብ ጠዋት፣ ሂሩት ደወለችልኝ። "እትዬ ፀሐይ፣ ማሚ... አትተነፍስም" አለችኝ። ድልድዩ ላይ መኪና ተጋጭቶ መንገዱ ተዘግቶ ነበር። ስደርስ ቤት እየመጣች የምታስታምማቸው ነርስ ለተዋዋሉት ፊውነራል ሆም ደውላ አስከሬኑ ሄዷል። አልጋው ላይ የቀረው የጭንቅላታቸው ጉድጓድ ያለበት ትራስ ብቻ ነው።

የፊውነራል ሆሙ ባለቤት ሚስተር ዶይል ይባላል፤ ቀጭን፣ ጠንቃቃ፣ ጨዋ ሰው ነው። በስም እንተዋወቅ ነበር። እኔንና ሂሩትን ቢሮው አስገብቶ አስቀመጠን፤ የመጣንበትን ነገርኩት። እስክጨርስ ሰማኝ።

"ልጅቷ ማጠብ ትችላለች" አለ። "ቤተሰብ ነች። ክፍሉን እሰጣታለሁ፣ እኔም እቆማለሁ። አንቺን ግን አልችልም።"

"ለምን? ጎረቤት ብሆን፣ የቤተ ክርስቲያን ጓደኛ ብሆን ትከለክለኛለህ?"

"ጎረቤት ብትሆኚ ጓንት እሰጥሽ ነበር።"

"ታዲያ?"

"አንቺ ባለሙያ ነሽ። ማመልከቻሽ ቦርዱ ጠረጴዛ ላይ ነው። እዚህ ክፍል ገብተሽ ሬሳ ብትነኪ ያለ ፈቃድ መሥራት ሊባል ይችላል። ያንቺም ማመልከቻ ይበላሻል፣ የእኔም ፈቃድ አደጋ ላይ ይወድቃል። አሥራ ሁለት ሠራተኛ አለኝ፣ ሚስስ ፀሐይ።"

ባላውቅበት ኖሮ ይፈቀድልኝ ነበር ማለት ነው! ከቢሮው ወጥቼ ቦርዱ ዘንድ ደወልኩ። አርብ ከሰዓት ነው፤ "ሰኞ ይደውሉ" የሚል ቴፕ መለሰልኝ። ቀብሩ ሰኞ ነው። ሬሳውን ወደ ሲልቨር ስፕሪንግ ላሻግር ብል ሌላ ፈቃድ፣ ሌላ ፊርማ፣ የሚፈርመውም ሰው ቅዳሜና እሁድ የለም። የማኅበሩን ሴቶች ልጥራ? አይግቡ ብለውኛል። ኮሪደሩ ላይ ቆሜ ሂሩትን ሳያት ፊቷ ገርጥቷል። ከዚያ ቀን በፊት ሞቶ የተኛ ሰው አይታ አታውቅም።

"በሩ ላይ እቆማለሁ" አልኳት። "እኔ እነግርሻለሁ፣ አንቺ ትሠሪያለሽ።"

ሚስተር ዶይል በሩን ክፍት አድርጎ ተወው። ጣራው ሥር ካለው መብራት በታች እትዬ በላይነሽ ነጭ አንሶላ ለብሰው ተኝተዋል። እሱ ወደ ግድግዳው ዞሮ፣ ጀርባውን ሰጥቶን ቆመ፤ ለዚህ እስከ ዛሬ አመሰግነዋለሁ። እኔ የበሩ ደፍ ላይ ቆምኩ። የጫማዬ ጫፍ መስመሩን እንዳያልፍ ዓይኔ እግሬ ላይ ነበር። እጆቼን ከኋላዬ አቆላለፍኩ፤ እጄን አላምነውም ነበር።

"ውሃው ለብ ያለ መሆኑን በክንድሽ እይው። አንሶላውን ሁሉንም አትግለጪ፤ የምታጥቢውን ብቻ። ከራሳቸው ጀምሪ። በቀኝ በኩል።"

ጀመረች። በደንብ ያልጨመቀችው ፎጣ ይንጠባጠባል። ፊታቸውን አበሰች፣ አንገታቸውን። ደረታቸው ላይ ስትደርስ ቆመች። ጠባሳውን ያኔ ነው መጀመሪያ ያየችው፤ ለካ እናቷ ከእሷም ደብቀዋት ኖረዋል። "ኦ ማሚ" አለች።

"ቀስ ብለሽ እጠቢው" አልኳት። "አይታመሙም አሁን።"

ጀርባቸውን ለማጠብ ማዞር አለ። ይህ የሁለት ሰው ሥራ ነው። እኔ ብዙ ጊዜ ብቻዬን ሠርቼዋለሁ፤ አያያዙን ማወቅ ነው። እሷ ግን ሞከረች፣ አልቻለችም። ደግማ ሞከረች፤ ክንዳቸው ከእጇ ሾልኮ ጠረጴዛው ላይ ወደቀ። ድምፁ አሁንም ጆሮዬ ውስጥ ነው። ሂሩት ዘወር ብላ አየችኝ።

"አይ ካንት፣ አልችልም፣ እትዬ ፀሐይ። ይምጡ ይርዱኝ።"

"ትችያለሽ። የዚያኛውን ጎን ጉልበት አጠፍ አድርጊው። ከዚያ ትከሻቸውንና ጉልበታቸውን ይዘሽ ወደ ራስሽ ሳቢያቸው።"

"ከበዱኝ! ፕሊስ!"

"ጉልበታቸውን መጀመሪያ—"

"ነይ ያዢልኝ!" ብላ ጮኸች። በሕይወቷ "አንቺ" ያለችኝ ያን ጊዜ ብቻ ነው። "ነይ! እዚያ ቆመሽ ታዪኛለሽ? እናቴ አይደለች? ነይ!"

ሦስት እርምጃ ነበር። የሚስተር ዶይል ትከሻ ሲጠነክር አየሁ፤ ግን አልዞረም። ብገባ አያየኝም ነበር ይሆናል። ምናልባትም ለዚያ ብሎ ነው ያልዞረው፤ ይህን ዓመታት ቆይቼ ነው ያሰብኩት። ያኔ ያሰብኩት ማመልከቻዬን ነው፣ ቤቱን ነው፣ የሚስተር ሃሪስን ስም ነው፣ ሁለት ዓመት የፈጀብኝን ወረቀት ነው። አልገባሁም። "ጉልበታቸውን አጠፍ አድርጊው" አልኳት ደግሜ። እያለቀሰች አደረገችው። ዞሩላት። ጀርባቸውን አጠበች። አውራ ጣቶቻቸውን እንዴት እንደምታስር ነገርኳት፣ አቡጀዲውን ከየት በኩል እንደምትጀምር ነገርኳት፣ እንዴት እንደምታጠብቅ ነገርኳት። እኔ ሃያ ደቂቃ የሚፈጅብኝን ሁለት ሰዓት ፈጀባት። ስትጨርስ በአጠገቤ አልፋ ወጣች፤ አላየችኝም።

ከቀብሩ በኋላ አርባው አልፎ ከቦርዱ አዲስ ቅጽ መጣ። ምስክርነቴን ተቀብለውታል፤ አንድ ፊርማ ብቻ ቀረ። ቅጹ ላይ "በዚህ ስቴት ውስጥ ያለ ፈቃድ ከሙያው ሥራ ማንኛውንም አልሠራሁም" ይላል። እስክሪብቶውን አንስቼ አስቀመጥኩት። ሚስተር ሃሪስ ዘንድ ሄድኩ፤ ፔትዎርዝ የሚባል ሰፈር ከልጃቸው ጋር ይኖሩ ነበር፤ ዓይናቸው ደክሟል፣ ድምፃቸው ግን ያው ነው።

"ነክተሻል?" አሉኝ።

"አልነካሁም። ግን ሥራውን የመራሁት እኔ ነኝ። መምራት ደግሞ ሥራው ነው።"

"እንግዲያው እንደሱ ብለሽ ጻፊ። የሚመረምርሽ ሰው ሁልጊዜ ከፈራሽው ያነሰ ነው፤ የዋሸሽው ነገር ግን አብሮሽ ይኖራል።"

ጻፍኩ። ቦርዱም ምርመራ ከፈተ። ግራጫ ሹራብ የለበሰች መርማሪ ቢሮዬ ድረስ መጥታ ድምፅ መቅጃዋን ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠች። ቃል በቃል ያልኩትን ንገሪኝ አለችኝ፤ ነገርኳት። ጉልበታቸውን አጠፍ አድርጊው የሚለውን ሳይቀር።

"ይህን ያወቅሽው ከሙያሽ ነው ወይስ ከባህላችሁ?" አለችኝ።

"የቱ ከየቱ እንደሚለይ እኔም አላውቀውም" አልኳት። እሱኑ ጻፈች።

ከዚያ መጠበቅ ነው። አንድ ዓመት ከአራት ወር። "ጉዳይሽ በመታየት ላይ ነው" የሚል ደብዳቤ በየጊዜው ይመጣል። በዚያ መሃል ሦስት የማውቃቸው ሰዎች አሌክሳንድሪያ ውስጥ ሞቱ፤ ጥቁሬን ለብሼ የኋላ ወንበር ላይ እንደ እንግዳ ተቀመጥኩ። ከመካከላቸው የአንዱን ክራቫት ያሰሩለት ሰዎች አንገቱን አጣመውት ነበር፤ ላቃናው ከወንበሬ አልተነሳሁም። ያን ዓመት እንቅልፍም ምግብም አልስማማኝ ብሎ ልብሴ ሁሉ ሰፍቶኝ ነበር። ሂሩት አትደውልልኝም። እኔም አልደውልላትም።

በመጨረሻ ወፍራም ፖስታ መጣ። "ተመርማሪዋ አስከሬኑን መንካቷን የሚያሳይ ማስረጃ አልተገኘም። በቃል የተሰጠ ማጽናናትና ምክር ያለ ፈቃድ መሥራት አይባልም። ጉዳዩ ተዘግቷል፣ ፈቃዱ ተሰጥቷል" ይላል። ከሥሩ የምስክሮች ቃል ተያይዟል። የሚስተር ዶይል አጭር ነው፤ "ጀርባዬን ሰጥቼ ስለነበር ያየሁት የለም" ይላል። የሂሩት ግን ሁለት መስመር ነው፤ በእንግሊዝኛ የጻፈችው በአማርኛ ሲሆን እንዲህ ነው፦ "እንድትረዳኝ ለመንኳት። እጇን ከኋላዋ አድርጋ ቆመች እንጂ አንድም ጊዜ አልነካቻትም።"

ያን ጊዜ ደወልኩላት። የመጣችው በምሳ ሰዓቷ ነው፤ መኪናዋን ጆርጂያ አቬኑ ላይ ከሥራ ቤቴ ፊት ለፊት አቆመች፤ ሞተሩ እንደበራ ገብቼ አጠገቧ ተቀመጥኩ። ደብዳቤውን ሰጠኋት፤ አነበበችው።

"ደስ አላለዎትም?" አለችኝ።

"ደስ ብሎኛል። ያዳነኝ ያንቺ ቃል ነው፤ እግዜር ይስጥልኝ።"

ወረቀቱን አጥፋ ጭኗ ላይ አስቀመጠችው።

"እትዬ ፀሐይ፣ እውነቱን ልንገርዎት? ያንን የጻፍኩት እርስዎን ለማዳን አይደለም። አይ ወዝ ሶ አንግሪ፣ በጣም ተናድጄ ነበር። ሴትየዋ መጥታ ምን እንደተደረገ ስትጠይቀኝ፣ ለነሱ ያጋለጥኩዎት መስሎኝ ነው የጻፍኩት። ለመንኳት፣ አልነካችም ብዬ። እንዲቀጡዎት።"

ከመስኮቱ ውጭ አውቶቡስ ቆሞ ሰው አወረደና ሄደ። ለእሷ ክስ የነበረው ለቦርዱ እኔን ነፃ ማውጫ ሆኖለት ኖሯል። ከዚያ ወዲህ በዚያ ፈቃድ ወንዙን ተሻግሬ ስንቱን ሰው ገንዣለሁ፤ ሚስተር ዶይል ራሱ እየደወለ ይጠራኝ ነበር። እንደዚያች ቀን ግን ፈቃድ ከብዶኝ አያውቅም።

"አሁንስ?" አልኳት።

"አሁን አላውቅም።"

"መግባት ነበረብኝ" አልኳት። "ሰምተሽኛል? ፈቃዱ ቢቀርስ ይቀር ነበር። መግባት ነበረብኝ።"

ይህን ለቦርዱ አልነገርኩም፤ በዚያ ሁሉ ወረቀት ውስጥ ይህን የጠየቀኝ ሰው አልነበረም። ሂሩት እጇን ዘርግታ ሞተሩን አጠፋች፤ ወደ ሥራዋ ለመመለስም አልቸኮለችም።